እስትንፋስ የያዙ እጆች

ስልኩ የጮኸው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ነበር። ወሩ ሚያዝያ፣ ዓመቱ 2013 ዓ.ም. ነው። በዚያን ሰሞን በማታ ስልክ ሲጮኽ የማይደነግጥ ቤተሰብ በአዲስ አበባ አልነበረም። የደወለችልኝ በቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ ዓመታት በሽምግልና ያገለገሉ የአንድ አባት ልጅ ናት። አባቷ ኮቪድ ይዟቸው በምሥራቅ አዲስ አበባ ከሚገኙ ሆስፒታሎች በአንዱ ከተኙ አራተኛ ቀናቸው ነው።

«እትዬ፣ ሐኪሞቹ ማሽን ላይ ሊያደርጓቸው ነው። በጉሮሯቸው ቱቦ ለማስገባት ፈርሙ አሉን። ወንድሞቼ እምቢ ብለዋል፤ እዚያ የገባ አይመለስም ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ባለቤቴ ለአገልግሎት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ስለ ነበር ጥያቄው እኔው ላይ ወደቀ። እኔም፣ «ሌሊቱን እንጸልይበት፣ ሲነጋ ትወስናላችሁ» አልኳት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአባታችን ሁኔታ በድንገት አሽቆለቆለ፤ ሐኪሞቹም ቱቦውን በጥድፊያ አስገቡ። ከስድስት ቀን በኋላ ዐረፉ።

ማንም አልወቀሰኝም። የያዛቸውን ሐኪም ከጊዜ በኋላ አግኝቼ ስጠይቀው፣ በሽታው ሳንባቸውን ክፉኛ ጎድቶት እንደ ነበረ፣ እነዚያ አራት ሰዓታት ለውጥ ያመጡ እንደ ሆነ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር እንደማይችል በትሕትና ነገረኝ። በጸሎቱ አልጸጸትም። የቆረቆረኝ የምመክርበትን ነገር ሳላውቅ መምከሬ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የግሪክ ግሥ ማርባት ተምሬአለሁ። አንድ ሰው «ቱቦ ገባለት» ሲባል ምን እንደሚደረግለት፣ ማን እንደሚያደርገው፣ ምን ሊሳሳት እንደሚችል ግን አንዲት ነገር አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ የጠየቅሁትን፣ ያነበብሁትንና ያየሁትን ነው ዛሬ ለእናንተ ለውድ አንባቢዎቼ የማካፍላችሁ። በብዛት ያስተማረችኝ በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ የሆነች የመዘምራን እኅታችን ናት። ስሜ አይጻፍ ብላኛለችና አልጽፈውም።

የዜማ መምህሩ በመስተዋት ያየው

አየር ወደ ሳንባ የሚገባበት በር ጠባብ ነው። ከምላሳችን ሥር፣ ከእንጥላችን ወደ ታች፣ ማንቁርት የምንለው አለ። በውስጡ ሁለት ነጫጭ የድምፅ አውታሮች አሉ፤ ስንተነፍስ ይከፈታሉ፣ ስንዘምር ተቀራርበው ይንቀጠቀጣሉ። ከኋላቸው የምግብ ቧንቧ አለ። ሁለቱ ቧንቧዎች በጣም የተቀራረቡ ናቸው፤ የሚበልጠው ጣጣ ከዚህ መቀራረብ የሚመጣ ነው።

እነዚህን አውታሮች በሕይወት ባለ ሰው ላይ አጥርቶ በማየት ስሙ የሚነሣው ሐኪም አልነበረም። ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ ስፔናዊ የዜማ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ወደ ጉሮሮው አስገብቶ፣ በሌላ ትንሽ መስተዋት የራሱን ማንቁርት ተመለከተ። ለመዘምራኖቻችን ይህን ስነግራቸው ሳቁ፤ አንዷ እቤቷ ስትሄድ በመስተዋት ልትሞክር እንደ ሆነ ገምቻለሁ። ጋርሲያ 101 ዓመት ኖሮ ነው የሞተው። ዛሬ ሐኪሞች ላሪንጎስኮፕ የሚሉት መብራት ያለው የብረት ምላስ የዚያ መስተዋት የልጅ ልጅ ነው። አሁንም በብዛት የሚሠራበትን ጠማማውን ቅርጽ ያወጣው ሮበርት ማኪንቶሽ የተባለ የሰመመን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ነው።

ሰው ራሱን ሲስት ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ በሩም ይዘጋል። አንዳንዴ አገጭን ወደ ላይ ማንሣት ብቻውን ይከፍተዋል፤ ለዚህ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ትውከት ወይም አክታ ከሞላው መምጠጫ፣ እነርሱ ሳክሽን የሚሉት፣ ያስፈልጋል። ትንፋሹ ከደከመ በጭምብልና አምቡ ባግ በተባለው የጎማ ከረጢት አየር ይሰጠዋል። ይህም ካልበቃ ወይም ለቀናት የሚቆይ ከሆነ፣ በላሪንጎስኮፑ እያዩ በድምፅ አውታሮቹ መካከል ቱቦ ያሳልፋሉ፤ ቱቦው ከቬንትሌተር ጋር ይያያዛል። እኛ «ማሽን» የምንለው ይህንን ነው።

አንዲት ደቂቃ

«ታዲያ ምኑ ከባድ ነው?» ብዬ እኅታችንን ጠየቅኋት። በኮተቤ መንገድ ታክሲ ውስጥ ነበርን፤ ሌላው ተሳፋሪ ጆሮውን ሲያቆም አየሁት።

እንዲህ አስረዳችኝ። ቱቦውን ለማስገባት በሽተኛው በመድኃኒት እንዲተኛ፣ ጡንቻዎቹም እንዲፈቱ ይደረጋል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በራሱ አይተነፍስም። ጤነኛ ሰው አስቀድሞ ለሦስት ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክስጅን ከሳበ፣ ሳንባው እንደ ማጠራቀሚያ ይሆንለትና ትንፋሹ ቢቋረጥም ብዙ ደቂቃ መቆየት ይችላል። ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዞ የመጣ ሰው እንዲህ ነው። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመጣው ግን ማጠራቀሚያው ራሱ የታመመበት ነው፤ አንዳንዱ ከአንዲት ደቂቃ በታች ኦክስጅኑ ያሽቆለቁላል። የደም ግፊቱም አስቀድሞ የወረደ ሊሆን ይችላል፤ የማስተኛው መድኃኒት ደግሞ ይብስ ይጥለዋል። አእምሮ ያለ ኦክስጅን ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይታገሥም።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ አንድ ጥናት በ29 አገሮች 2,964 ጽኑ ሕሙማን ቱቦ ሲገባላቸው ምን እንደሚያጋጥም ተመዝግቦ ነበር። ከመቶው 45ቱ ላይ ቢያንስ አንድ ከባድ አደጋ ደርሷል፦ ግፊት መውረድ፣ ኦክስጅን ክፉኛ መቀነስ፣ ወይም ልብ መቆም። ልባቸው የቆመው ከመቶ ሦስት ናቸው።

ሁሉም የሚፈራው ስሕተት ግን ሌላ ነው፤ ቱቦው በምግብ ቧንቧ ገብቶ ሳይታወቅ ሲቀር። ከላይ እንዳልሁት ሁለቱ ቧንቧዎች ጎረቤታሞች ናቸው። ይህንን ከሁሉ በላይ የሚያጋልጥ ካፕኖግራፍ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ከቱቦው በሚወጣው አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መኖሩን ይለካል። ከሳንባ የሚወጣ ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው፤ ስክሪኑ ላይ ትንፋሽ በወጣ ቁጥር ተራራ የሚመስል መስመር ይሠራል። መስመሩ ተኝቶ ከቀረ ቱቦው ቦታው ላይ አይደለም ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ትልቅ ምርመራ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ከአየር መንገድ ጋር በተያያዘ ከደረሱት ሞቶች በአብዛኛው የዚህ መሣሪያ በሥራ ላይ አለመዋል ድርሻ እንደ ነበረው አሳይቷል። በእንግሊዝ አገር! በእኛ አገር ይህ መሣሪያ ያለው ክፍል አለ፤ የሌለውም ብዙ አለ። የሌለው ክፍል በደረት መነሣት፣ በጆሮ ማዳመጫና ጣት ላይ በሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ይተማመናል። የጣቱ መለኪያ ግን ወሬውን ዘግይቶ ነው የሚያመጣው።

በኮፐንሃገን የሆነው

ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚባለው ነገር የተወለደው ከእጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ክረምት በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሣ። ሕፃናትና ወጣቶች መተንፈስ አቃታቸው። ብሌግዳም በተባለው ሆስፒታል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በነበሯቸው ማሽኖች ከታከሙት 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። በዚህ ጊዜ ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም ተጠራ። ነሐሴ ውስጥ በአንዲት የ12 ዓመት ልጃገረድ አንገት ላይ ከማንቁርቷ በታች ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ ገባ፤ ኢብሰንም በጎማ ከረጢት በእጁ አየር ይሰጣት ጀመር። ልጅቷ ተረፈች።

ነገር ግን ሌሎቹስ? ለእያንዳንዱ በሽተኛ ሌሊትና ቀን ከረጢት የሚጨምቅ ሰው ያስፈልጋል። 1,500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች ተጠሩና በፈረቃ አልጋ ሥር ተቀምጠው ጨመቁ፤ በድምሩ 165,000 ሰዓት ያህል። የሞቱም ቍጥር እጅግ ቀነሰ። አንዳንዶቹ ተማሪዎች ሲጨምቁ ለልጆቹ መጽሐፍ ያነቡላቸው ነበር ይባላል። ይህን ታሪክ ሳነብ ነቢዩ ኤልሳዕ በሱነማዊቷ ልጅ ላይ አፉን በአፉ አድርጎ የተዘረጋበት፣ በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ያለው ክፍል ትዝ አለኝ። ስለ ትንፋሽ መመለስ ታሪክ የሚጽፉ ሐኪሞችም ይጠቅሱታል።

እኅታችን በየፈረቃው መጀመሪያ የምትመረምረው አምቡ ባግም የዴንማርክ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው የወጣው። ሲለቁት በራሱ ይነፋል፤ መብራትም የኦክስጅን ሲሊንደርም ሳይኖር ይሠራል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ በአልጋው ራስጌ የሚንጠለጠለው ይህ ጎማ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ የአዲስ አበባን መብራት ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልግም።

ኮተቤና ሚሌኒየም አዳራሽ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገራችን ተገኘ። መጋቢት 27 ቀን የመጀመሪያው ሞት ተነገረ። ኮተቤ ያለው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ ሕክምና ተለየ፤ የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ የታክሲውን መስኮት ይዘጋ ነበር፤ እኔም ዘግቻለሁ። ከዚያ በግንቦት መጨረሻ የቦሌው ሚሌኒየም አዳራሽ፣ የ2000 ዓ.ም. መባቻን ያከበርንበት፣ ብዙዎቻችን በጉባኤ እጃችንን ያነሣንበት አዳራሽ፣ አልጋ በአልጋ ሆኖ ሕሙማንን መቀበል ጀመረ። ሥራውን የመራው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነበር። ዛሬ ያ አዳራሽ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመልሷል፤ ኤካ ኮተቤም አጠቃላይ ሆስፒታል ሆኖ ያገለግላል።

በእነዚያ ወራት ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ቬንትሌተር ነበር። ስንት አለን? ማን ይሰጠናል? ቻይናዊው ባለሀብት ጃክ ማ ለአፍሪካ አገሮች ከላካቸው ዕርዳታዎች ሁለተኛው 500 ቬንትሌተሮችን የያዘ ነበር፤ ለአህጉሩ የሚላከው ብዙ ዕርዳታም በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ይከፋፈል ነበር። መልካም ነገር ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ10 የአፍሪካ አገሮች 64 ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት፣ በኮቪድ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት ውስጥ ከመቶ 48ቱ በ30 ቀን ውስጥ እንደ ሞቱ አሳይቷል። በሌሎች ዓለማት ከነበረው እጅግ የላቀ ነው። አጥኚዎቹ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች መካከል የመሣሪያ እጥረት ብቻ ሳይሆን ያለው መሣሪያ በበቂ ሥራ ላይ አለመዋሉም ይገኝበታል።

ይህን ሳነብ አንገቴን ደፋሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን በአንድ ወቅት ሁለት ያገለገሉ ቬንትሌተሮችን ልከውልን ነበር። ለአንድ ሆስፒታል ስናስረክብ ፎቶ ተነሣን፤ ኬክም ተቈርሷል። ከዓመት በኋላ ስጠይቅ ሁለቱም በዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጠዋል። አንደኛው የሚሠራው በ110 ቮልት ነው። ሁለተኛው ደኅና ነው፤ ግን ከበሽተኛው ጋር የሚያገናኙት ቱቦዎች ለእርሱ ብቻ የሚሆኑ፣ አንዴ ተሠርቶባቸው የሚጣሉ ናቸው፤ አብረው የመጡት አለቁ። የሆስፒታሉን ሰዎች አልወቅስም። ከመላካችን በፊት ምን እንደሚያስፈልጋቸው አንድ ቀን ሄደን ብንጠይቃቸው ኖሮ ምን እንደሚሉን አሁን አውቃለሁ፤ ጠይቄአቸዋለሁና። በልዩ ልዩ ቍጥር ያላቸው ቱቦዎች፦ ለሴት 7 እና 7 ተኩል፣ ለወንድ እስከ 8፣ ለልጆች ደግሞ ከዚያ ያነሱት ሁሉ። የላሪንጎስኮፕ ባትሪና አምፖል። የማይዘጋ ሳክሽን። ቱቦው በቀላሉ አልገባ ሲል ቀድሞ ገብቶ መንገድ የሚመራ ረጅም ቀጭን ዘንግ፤ ቡጂ ይሉታል። ሁሉም ተደምረው በአንድ ሻንጣ ይገባሉ። በፎቶ ግን አያምሩም።

የአብራሪው ሚስት

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2005 በእንግሊዝ አገር ኢሌይን ብሮሚሊ የተባለች የ37 ዓመት የሁለት ልጆች እናት ቀላል ለሆነ የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገባች። ካስተኟት በኋላ ቱቦ ማስገባት አልተቻለም። በጭምብልም አየር መስጠት አልተቻለም። በክፍሉ የነበሩት ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ናቸው፤ መሣሪያም አልጎደለም። ነርሶቹ ችግሩን ስለ ተረዱ አንዷ አንገትን ለመክፈት የሚያገለግለውን ዕቃ አምጥታ መዘጋጀቱን ተናገረች፤ ሌላዋ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ አስያዘች። ሐኪሞቹ ግን ጊዜው ምን ያህል እንደ ሄደ ሳያስተውሉ ቱቦውን ለማስገባት መሞከራቸውን ቀጠሉ። ኢሌይን ከ13 ቀን በኋላ ሞተች።

ባሏ ማርቲን ብሮሚሊ የአውሮፕላን አብራሪ ነው። ሥራው ያስተማረውን ያውቃል፤ ረዳት አብራሪ የበላዩ ሲሳሳት ካየ ጮክ ብሎ የመናገር ግዴታ አለበት፣ ዋናው አብራሪም የመስማት ግዴታ አለበት። ሐኪሞቹን ለማስቀጣት አልሮጠም። ይህ የአብራሪዎች ልማድ ወደ ሆስፒታል እንዲገባ መሥራት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2007ም ለዚሁ የሚሠራ ማኅበር አቋቋመ።

ይህ ታሪክ ለቦሌ ሰው እንግዳ መሆን የለበትም። በሰፈራችን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎችን የሚያሠለጥንበት ተቋም አለ። በመካከላችን የሚያመልኩ አብራሪዎች አሉ። ከእነርሱ አንዱን ስለ ሲሙሌተር ጠየቅሁት። ሞተር በአየር ላይ ሲጠፋ በሕይወቱ አንድም ጊዜ አጋጥሞት አያውቅም፤ በሲሙሌተር ግን በየጊዜው ያጠፉበታል። በየጊዜው ካልተፈተነ አይበርም። ጠፍቶ የማያውቅ ሞተር ሲጠፋ እጁ ምን እንደሚነካ ሳያስብ ያውቀዋል።

በአንጻሩ የእኛን ባሕል አስቡት። ነርሷ ወጣት ናት፣ ሐኪሙ በዕድሜም በማዕርግም ይበልጣታል። «ዶክተር፣ ይቁሙ» ማለት ከየት ይመጣላታል? ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት ደፍተን ያደግን ነን። (በሽማግሌዎች ስብሰባችንም ይህ ጠባይ እንዳለ ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ አምኖልኛል።)

ቅዳሜ ጠዋት፣ በአሻንጉሊት ፊት

አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት በ2003 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ተጀምሯል፤ ከዚያ የወጡት ሐኪሞች ዛሬ በየሆስፒታሉ ያስተምራሉ። በአብዛኛው የአገራችን ሆስፒታል ሰመመን የሚሰጡት ሐኪም ያልሆኑ በዚሁ ሙያ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው፤ ቱቦ በማስገባት እጃቸው የተፈታውም እነርሱ ናቸው። ጣጣው የሠለጠነው ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነው የሚለው ነው። ጥሩው ሰው ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲሠራ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለችው ተረኛ ነርስና ገና ትምህርቱን ያልጨረሰ ሐኪም ሊሆኑ ይችላሉ። ሥልጠናው ለእነርሱ መድረስ አለበት፤ አንዴም ሆኖ መቅረት የለበትም።

እኅታችን በምትሠራበት ሆስፒታል አንድ ቅዳሜ እንዲህ ያለ ልምምድ ሲደረግ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እንዳይ ተፈቀደልኝ። አንገትና ደረት ያለው የጎማ አሻንጉሊት ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። መጀመሪያ አንዱ የማረጋገጫ ዝርዝሩን ጮክ ብሎ ያነባል፦ ኦክስጅን አለ? ሳክሽኑ ይሠራል? ሁለት ቍጥር ቱቦ ተዘጋጅቷል? ካልገባ ቀጥሎ ምን እናደርጋለን? ማን ነው ሰዓት የሚይዘው? እያንዳንዱ ሲመልስ ሌላው ምልክት ያደርጋል። እንዲሁ ሲታይ የልጆች ጨዋታ ይመስላል።

ከዚያ አሠልጣኙ አንዱን ትልቅ ሐኪም ለብቻው ጠርቶ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ሐኪሙም ሆነ ብሎ መሞከሩን አላቆም አለ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ቍጥር የምታነበው ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ከወጣች ገና ዓመት ያልሞላት፣ «ሰማንያ ገባ» አለች፤ ድምፅዋ ለእኔ አልተሰማም። አሠልጣኙ ሁሉንም አስቆመና እንደገና እንድትለው ጠየቃት። አሁንም በለሆሳስ አለች። በሦስተኛው፣ «ዶክተር፣ ኦክስጅኑ ሰማንያ ገብቷል፤ ያውጡትና በጭምብል አየር እንስጥ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ በድንጋጤ አፏን ያዘች። ሐኪሙ ላሪንጎስኮፑን አስቀምጦ አመሰገናት። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ።

በመጨረሻ እኔንም ሞክሪ አሉኝ። አምቡ ባጉን ስጨምቅ አየሩ በጭምብሉ ጎን ፍስ ብሎ ወጣ፤ ደረቱ አልተንቀሳቀሰም። እኅታችን ጣቶቼን ይዛ አስተካከለች፦ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጭምብሉን ክብ አድርገው ይይዛሉ፣ ሦስቱ የቀሩት አገጩን ወደ ላይ ይስባሉ። ደረቱ ተነሣ። ደስ ብሎኝ ቶሎ ቶሎ ጨመቅሁ። «ቀስ ይበሉ እትዬ፤ በአምስት ወይም በስድስት ሰከንድ አንዴ። ሲደነግጡ ሁሉም ያፈጥናል» አለችኝ።

«ፈርሙ» ሲሏችሁ

ይህ የመጨረሻው ክፍል ለቤተሰብ ነው። ሐኪሙ ስለ ቱቦ ሲያናግራችሁ መፍራት የተፈጥሮ ነው፤ ጠይቁ። ቱቦው ለምን አስፈለገ? አሁን ብናደርገውና ብንዘገይ ልዩነቱ ምንድን ነው? ሊሻላቸው የሚችል ሕመም ነው ወይ? መልሱ ሁልጊዜ «አስገቡ» የሚል አይደለም። ሕመሙ ከመዳን ያለፈ፣ ቱቦው ሥቃይ ብቻ የሚጨምርበት ጊዜ አለ፤ በቅንነት የሚነግራችሁን ሐኪም አትጥሉት። ነገር ግን «ማሽን ላይ የገባ አይመለስም» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። የሚሞቱት በጣም የታመሙ ስለ ሆኑ ብዙዎች ናቸው፤ የሚመለሱም ብዙዎች ናቸው። በጥድፊያ ከሚገባ ቱቦ ይልቅ ተዘጋጅተው የሚያስገቡት እንደሚሻል ከላይ ያየነው ያስረዳል።

ሌላው የሚያስደነግጠው «ጉሮሮውን ሊበሱት ነው» የሚባለው ነው። ትራኪዮስቶሚ ነው ስሙ፤ የኮፐንሃገኗ ልጅ የተደረገላት። በሽተኛው በማሽን ብዙ ቀናት የሚቆይ ሲሆን የአፉን ቱቦ አውጥተው ከማንቁርቱ በታች አጭር ቱቦ ያደርጉለታል። አፉ ነጻ ይሆናል፣ የማስተኛ መድኃኒቱም ይቀነስለታል። ሲሻለው ቱቦው ወጥቶ ቀዳዳው በአብዛኛው በራሱ ይዘጋል።

ባለፈው ዓመት ያቺው ልጅ እንደገና ደወለችልኝ። አሁን ደግሞ እናቷ ነበሩ፤ የሳንባ ምች። ወንድሞቿ አጠገቧ ሲከራከሩ ይሰማኛል። ሐኪሙን በስልክ እንድታገናኘኝ ለመንኋት፤ በትዕግሥት ሦስቱንም ጥያቄ መለሰልኝ፤ እኔም ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ለወንድሞቿ ደገምሁላቸው። ታላቁ ወንድም ፈረመ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ እነርሱ፣ በዚህ በኩል እኔ ሆነን ጸለይን፤ አሜን ሳንል ነርሷ ዕቃ የጫነውን ጋሪ እየገፋች አለፈች።

በዘጠነኛው ቀን ቱቦው ወጣላቸው። ድምፃቸው ለሦስት ሳምንት ያህል ሻክሮ ቆየ፤ እሑድ እሑድ በመዝሙር ሰዓት ከፊት ወንበር ተቀምጠው ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ ነበር።